ከሩብ ኪሎ ወደ ኩንታል፦ በኑሮ ውድነት ጊዜ የቤት ወጪን የመቀነስ ዘዴ

ከሰል በፌስታል፣ ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በርበሬ በሩብ ኪሎ፣ ጤፍ በአምስት ኪሎ እየገዛ የሚኖር ቤተሰብ፣ ከሰሉን በማዳበሪያ፣ ዘይቱን በ20 ሊትር ጀሪካን፣ በርበሬውን በፈረሱላ፣ ጤፉን በኩንታል ከሚያስገባው ጎረቤቱ ይልቅ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚከፍለው ገንዘብ ይበልጣል። ገቢው ያነሰው ቤት ውዱን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ቤተሰቡ አባካኝ ስለሆነ ወይም ሒሳብ ስለማያውቅ ሳይሆን፣ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ከተሸፈነ በኋላ በአንድ ጊዜ ኩንታል የሚያነሳ ገንዘብ በእጁ ስለማይተርፍ ነው። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦች ዋጋ ሲንር ችግሩ ይበልጥ ከብዷል። ቀድሞውንም ከአፉ ቀንሶ ለሚኖር ሰው «ቆጥብ» ብሎ መምከር ጥቅሙ አይታየኝም። የሚጠቅመው፣ በወር ደመወዝ ወይም በዕለት ገቢ የሚተዳደር ቤት ከችርቻሮ ግዢ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበትን መንገድ ማሳየት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

የኪሎውን ዋጋ ማወቅ

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ለ30 ቀናት ያህል ወደ ቤት የገባውን ሁሉ ይመዝግቡ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የከፈሉትን ብር ብቻ ሳይሆን የዕቃውን መጠንና የተገዛበትን ቦታም አብረው ይጻፉ። «ዘይት፣ ይህን ያህል ብር» የሚል ማስታወሻ ምንም አያስተምርም፤ «ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ከሠፈር ሱቅ፣ ይህን ያህል ብር» የሚለው ግን የሊትሩን ዋጋ ለማውጣትና ከጀሪካኑ ዋጋ ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። በዱቤ የተወሰደውም በተወሰደበት ዕለት መመዝገብ አለበት። በባለሱቁ ደብተር ላይ ብቻ የሚጻፍ ዱቤ በወሩ መጨረሻ ከታሰበው በላይ ሆኖ የሚገኘው ባለሱቁ ስላጭበረበረ ላይሆን ይችላል፤ ልጅ ተልኮ የመጣው ስኳርና ሳሙና ከቤተሰቡ ትውስታ ስለሚጠፋ ነው።

በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን ሲያዩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። በችርቻሮና በጅምላ ዋጋው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው? ዕቃው ሳይበላሽ ስንት ወር ይቀመጣል? ልዩነቱ ሰፊ የሆነና ብዙ ጊዜ የሚቆይ ዕቃ መጀመሪያ ከችርቻሮ መውጣት ያለበት እርሱ ነው። በአብዛኛው ቤት ይህ መስፈርት የሚያመለክተው ወደ ጤፍ፣ ወደ በርበሬና ወደ ሽሮ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በልዩነታቸው ቢያጓጉም ስለሚበሰብሱ ለመጀመሪያው ሙከራ አይመረጡም።

የመጀመሪያውን የግዢ ገንዘብ ማጠራቀም

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዕቃ ብቻ መጀመር ይበጃል። ኩንታል የማይደፍር ቤት ከሁለት ወይም ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ተስማምቶ አንድ ኩንታል በጋራ አንስቶ በሚዛን ሊካፈል ይችላል። ለበዓል ሥጋ በቅርጫ የሚካፈል ኅብረተሰብ በጤፍና በሽንብራ ይህን ለማድረግ አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም። ሆኖም የሰውን ፍቅር ላለማበላሸት ከግዢው በፊት መነጋገር የሚገባቸው ነገሮች አሉ፦ ገንዘቡ በስንት ቀን ተሟልቶ እንደሚዋጣ፣ ገበያ የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ የመጫኛ፣ የማውረጃና የመኪናው ክፍያ እንዴት እንደሚከፈል፣ እህሉ ሲበጠርና ሲነፋ የሚወጣው ቆሻሻ ከማን ድርሻ ላይ እንደሚቀነስ። በተለይ የመጫኛና የማውረጃ ወጪ ከዋጋ ልዩነቱ ግማሹን ሊበላ ስለሚችል፣ ገበያ ከመውጣት በፊት በኪሎ ተካፍሎ መታየት አለበት። የአዲስ አበባው የእህል ገበያ እህል በረንዳ ድረስ ሄዶ የተገኘው ቅናሽ በባጃጅና በወዛደር ካለቀ፣ በወረዳው ካለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ወይም ከእሁድ ገበያ መግዛቱ ይሻላል። በእሁድ ገበያ የገበሬ ዩኒየኖችና አምራቾች በቀጥታ ስለሚያቀርቡ ጥሩ ዋጋ ይገኛል፤ ነገር ግን ጥሩው ዕቃ በማለዳ ስለሚያልቅ ማልዶ መሄድ ያስፈልጋል። ሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር የሚያስገባበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅም የተለመደ ሥራ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥንቃቄ የዘዴው ሁሉ መሠረት ነው። ከመጀመሪያው የጋራ ግዢ የተረፈው ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወደ ዕለት ወጪ መመለስ የለበትም። በየወሩ ለበርበሬ ሲወጣ የነበረው ብር በርበሬው ተገዝቶ ከገባ በኋላም እንደሚወጣ ተቆጥሮ ለብቻው ይቀመጥ። በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ይህ ገንዘብ ሁለተኛውን ዕቃ በጅምላ ለመግዛት ይበቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን ይስባል። በብዙ ቤት ሙከራው የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጓዳው ሲሞላ እጅ ይፈታና የተረፈው ብር በሌላ ነገር ላይ ይውላል።

የገበያውን ወቅት ጠብቆ መግዛት

የግዢ ገንዘብ በእጅ ሲኖር ከመጠኑ በተጨማሪ ጊዜንም መምረጥ ይቻላል። የመኸር ጤፍ ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶ ስለሚወቃ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ገበያው ላይ እህል ይበዛል፤ ክረምት ሲገባና የገበሬው ጎተራ ሲጎድል ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። የበርበሬ ዛላም ከማረቆ፣ ከሀላባና ከጎጃም በብዛት የሚመጣው በዚያው በበጋው መጀመሪያ ነው። ሽንብራ የካቲት አካባቢ ይረክሳል። ሽንኩርት በበጋ በመስኖ ስለሚመረት በክረምት ከሚኖረው ዋጋ ያንሳል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ምርቱን ስለሚያበሰብሰውና መንገዱም ስለሚከብድ ይወደዳል።

ቅቤን በተመለከተ ብዙዎች የማይጠቀሙበት አጋጣሚ አለ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የቅቤ ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋው ይረግባል፤ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሰማይ ይነካል። በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ፣ በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት አንጥሮ፣ ውሃ ባልነካው ንጹሕ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ የበዓሉን ወጪ በግልጽ ያቀልላል። የነጠረ ቅቤ ለወራት ይቆያል። ሙስሊም ቤተሰቦችም ለረመዳን የሚሆነውን ቴምር፣ ምስርና የሾርባ እህል ጨረቃዋ ሳትታይ ከሳምንታት በፊት ቢያስገቡ ከዋዜማው ግርግር ይድናሉ።

ጤፍና እንጀራ

ከቤት ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እንጀራ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ነጭ ማኛ ጤፍ በዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ ግን በገንቢነታቸው ከማኛ አያንሱም። የእንጀራ ንጣት ለዓይን ክብር እንጂ ለሆድ የሚጨምረው ነገር የለም። ጤፉን ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨትም የቆየ ልማድ ነው፤ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ብቻ በመቀላቀል ቢጀመር ቤተሰቡ የጣዕሙን ለውጥ ሳይቸገር ይቀበለዋል። ማሽላ ወይም ሩዝ የበዛበት እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ በአንድ ቀን ብዙ መጋገር አይመከርም።

ጤፍ ከመግዛትዎ በፊት አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገው ያማስሉት፤ አሸዋ ካለበት ከጤፉ ቀድሞ ከሥር ይዘቅጣል። በኩንታል ዋጋው የረከሰ ጤፍ ሲነፋ ብዙ ኪሎ ከጎደለበት ርካሽነቱ በወሬ ብቻ ይቀራል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እንደ ሌላው እህል ስለማያጠቃው፣ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚህ ምክንያት በብዛት ለመግዛት ከእርሱ የሚመች እህል የለም።

የተጋገረ እንጀራ መግዛትና ቤት መጋገር የትኛው እንደሚያዋጣ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። መልሱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አስልቶ ማየት ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ በራስዎ ምጣድ ይቁጠሩ፤ የጤፉን፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ወጪ ደምረው በቁጥሩ ያካፍሉ። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቤት መግዛቱ ሊያዋጣ ይችላል፤ አምስትና ስድስት ሰው ባለበት ግን መጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት የሚደርስ ኃይል ይስባል። ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይጠፋል። በሳምንት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ የሚጋግር ቤት ወደ ሁለት ጊዜ ቢቀንስ በወር ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያተርፋል። በሳምንት አንዴ ብቻ መጋገር ግን እንጀራው ስለሚሻግት በአብዛኛው ቤት አያዋጣም። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን ካጠፉ በኋላ በቀረው ግለት መጋገር ይቻላል፤ ከዚያም በኋላ ሙቀቱ ድርቆሽ ለማድረቅ ይበቃል። ሊሻግት የተቃረበ እንጀራ ከመጣል ድርቆሽ ሆኖ ለፍርፍር ይቆያል፤ ሻጋታ የታየበትን ግን ቆርጦ መብላት ለጤና አደገኛ ስለሆነ መወገድ አለበት።

ሽሮ፣ በርበሬና ጥራጥሬ

ሽንብራ፣ ባቄላና አተር እንደ ጤፍ አይደሉም፤ ነቀዝ ይወዳቸዋል። እኔ በአንድ ዓመት 25 ኪሎ ሽንብራ በየካቲት ገዝቼ ከነማዳበሪያው ጓዳ አስቀምጬ በሰኔ ስከፍተው ከግማሽ በላይ ነቅዞ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ ይህ ነው፦ ጥራጥሬውን በጠራራ ፀሐይ ሁለትና ሦስት ቀን አሰጣለሁ፤ ሲቀዘቅዝ በደንብ በደረቀ የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቼ አየር እንዳይገባው አጥብቄ እከድናለሁ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 15 ኪሎ ያህል ይይዛል። ከሦስት ወይም ከአራት ወር ፍጆታ በላይ አልገዛም። ለሽሮ የሚሆነው ደግሞ ተቆልቶና ተከክቶ ከተቀመጠ ከጥሬው ይልቅ ነቀዝን ይቋቋማል።

ሽሮን ቤት አዘጋጅቶ ማስፈጨት ከዋጋው ባሻገር ምን እንደሚበላ ለማወቅ ያስችላል። ርካሽ የሽሮ እህል ሲፈለግ ወደ ጓያ መሄድ የሚያስከትለውን አደጋ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግና የማይድን በሽታ ያመጣል፤ በአገራችን በድርቅ ዘመን ብዙ ሰው ለዚህ ተዳርጓል። ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ የዘወትር ምግብ ሊሆን አይገባም። በርበሬም በዱቄት ከመግዛት ዛላውን አይቶ መግዛት ይሻላል፤ ባዕድ ነገር መቀላቀሉን ከዛላው ማወቅ ይቻላል፣ ሻጋታ ያለበትን ቀንጥሶ ለመጣልም ያመቻል።

ሽንኩርት በርከት ሲል የሚገዛ ከሆነ በፌስታል አፍኖ ማስቀመጥ አይገባም፤ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ይዘርጋ፣ ከድንችም ይራቅ። ቲማቲም በሚረክስበት ሳምንት ቀቅሎና አብስሎ ድልህ ማድረግ ለወጥ ይጠቅማል። ባቄላና ሽንብራ ከመቀቀላቸው በፊት ሌሊቱን ቢዘፈዘፉ የሚበስሉበት ጊዜ በእጅጉ ያጥራል፣ ከሰሉም ይተርፋል። ዘይትን በተመለከተ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ከማንቆርቆር በማንኪያ መለካት ይበቃል፤ የሳምንቱን ድርሻ በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ለዚህ ይረዳል።

መብራትና ከሰል

የቤት ተጠቃሚዎች የመብራት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ሲከፍል፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ስለዚህ ከእርከኑ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት ቢቀንስ የሚያተርፈው ከሚገምተው በላይ ነው። አራት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ቢተኩ ከስድስት አይበልጡም። ቦይለር ቀኑን ሙሉ በርቶ ከሚውል ከመታጠቢያው ሰዓት ጥቂት ቀድሞ ቢበራ ይበቃል።

አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች ደግሞ የተለየ ጉዳት አለባቸው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍል የነበረውን በውዱ ይከፍላል። የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ፣ ቢያንስ በየቤቱ የራሱን ፍጆታ ብቻ የሚለካ ንዑስ ቆጣሪ አስገብቶ እንደ አጠቃቀሙ መካፈል በእኩል ከመካፈል የተሻለ ፍትሕ አለው፤ ሁሉም የራሱን ፍጆታ ስለሚያይ ጠቅላላውም ይቀንሳል።

በከሰል የሚያበስል ቤት ከቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ውስጡ ሸክላ የሆነውን ላቀች ምድጃ ቢጠቀም ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ያተርፋል። በእንጨት የሚጋገር ከሆነ ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ነገር ግን ሙቀት እንዳይባክን በማሰብ ከሰል በተዘጋ ክፍል ማቀጣጠል በየዓመቱ ሰው የሚገድል ስሕተት ነው፤ በርና መስኮት ክፍት ይሁን።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቧንቧ ከፍቶ መተኛት በበርሜሉ ጠርዝ የሚፈስ ገንዘብ ነው፤ የሽንት ቤት ገንዳ ሲያንጠባጥብም የጎማውን መቀየሪያ ዋጋ ከፍሎ ወዲያውኑ ማስጠገን ይበጃል። በትራንስፖርት በኩል አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ከሚኒባስ ታክሲ ይረክሳሉ፤ ማልደው ለሚወጡ ሰዎች ልዩነቱ በወር ትርጉም ያለው ነው።

የማይቀነስ ወጪ

ወጪ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ መቀነስ የነበረበት ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላለ ሕፃን የሚሆን እንቁላልና ወተት፣ የነፍሰ ጡር እናት ምግብ፣ አዮዲን ያለው ጨው ከዝርዝሩ ሊወጡ አይገባም። ከአሞሌና ከልቅ ጨው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የአዮዲን እጥረት በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይመለስም። ክትባትና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በወረዳቸው ቢመዘገቡ፣ በዓመት አንዴ የሚከፈለው መዋጮ ድንገተኛ ሕመም ያጠራቀሙትን የግዢ ገንዘብ ጠራርጎ እንዳይወስድባቸው ይከላከላል፤ ምዝገባውና እድሳቱ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሚካሄድ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መድኃኒት ሲታዘዝ በአዲስ አበባ በከነማ ወይም በቀይ መስቀል ፋርማሲ ዋጋውን ሳይጠይቁ ሌላ ቦታ መግዛት አይገባም።

ከነሐሴ እስከ መስከረም

በዓመቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ የሚፈርሰው በእነዚህ ሳምንታት ነው። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜን ጨምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት፤ በዚያው ላይ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ይደራረባሉ፤ ጤፍና ሽንኩርትም በዓመቱ ውድ የሚባሉበት ጊዜ ነው። ይህን ለመሻገር ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ እቁብ ነው። እቁቡ ሲጀመር ከዳኛው ጋር ተነጋግሮ ወይም ዕጣው ቀደም ብሎ ከወጣለት ሰው ጋር ተለዋውጦ፣ ብሩ በነሐሴ መጀመሪያ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። የሚጣለው መጠን በደብተሩ ላይ ከታየው ትርፍ መብለጥ የለበትም፤ እቁብ ለመጣል የሚበደር ሰው ከእቁቡ የሚያተርፈው የለም።

ብሩ ሲወጣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ወጪ ይለይ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባና ዩኒፎርም ስለሚቀርብ፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ምን እንደሚሰጥ ሳይጣራ ምንም አይገዛ። ደብተር ገበያው ሳይጋጋል በነሐሴ አጋማሽ በደርዘን ይገዛ፤ የበዓሉ ዶሮና እንቁላልም ዋዜማውን ሳይጠብቅ ይግባ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ከዕለት ወጪው ጋር ሳይቀላቀል እስከ ታኅሣሥ ይቆይ፤ አዲሱ ጤፍ እህል በረንዳ ሲራገፍና የበርበሬ ዛላ ገበያ ሲገባ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።